ጉጉትን ከመክሰስ በፊት የዶሮውን ቤት መዝጋት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ድስት ስንነጋገር ከዋልን በኋላ ስለ ዶሮ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ሊቀመንበሩ ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። «በእድር ጉባኤ ላይ ደግሞ የዶሮ ነገር ምን አመጣው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከእድራችን የራቀ አይደለም። በሰፈራችን ጡረታ የሌላቸው፣ ልጅም የማይጦራቸው እናቶች አሉ፤ የወር መዋጯቸውን የሚከፍሉት ከአራትና ከአምስት ዶሮ ከሚያገኙት እንቁላል ነው። እንዲህ ላለችው እናት አንዲት ዶሮ በአውሬ ተበላች ማለት የበዓል ወጥ ቀረ ማለት ብቻ አይደለም፤ በመዝገባችን ላይ ከስሟ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ሊሆን ነው ማለት ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። ከዚህ ላይ ጥቂቱን ታቅፋ 21 ቀን ትተኛለች። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ደግሞ ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ከሚያልቁባቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ፈንግል የምንለው በሽታ ነው፤ ሁለተኛው ነጣቂ አውሬ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ጫጩት አድጋ የመጀመሪያውን እንቁላል እስክትጥል ከስድስት ወር በላይ ይፈጃል። እንግዲህ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በአንድ ሌሊት ስትበላ የሚጠፋው የአንድ ሌሊት ንብረት ሳይሆን የብዙ ወር ድካም ነው።

ታዲያ ዶሮ በጠፋ ማግስት በሰፈራችን የምንሰማው ምንድን ነው? አንዱ «የእገሌ ድመት ናት» ይላል። ሌላው «ሌሊት ጉጉት ስትጮህ ሰምቻለሁ» ይላል። ሦስተኛው ቁልፍ የያዘችውን ሠራተኛ ይጠረጥራል። በሰፈራችን ያልሆነ አንድ ግቢ ውስጥ የደረሰውን ልንገራችሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዶሮዎች ጠፉ። ጥርጣሬው በሠራተኛዋ ላይ ወደቀ፤ ልጅቷ ብትምልም ብትገዘትም የሚሰማት አላገኘችም፤ የወር ደመወዟ ተይዞ ከቤት ወጣች። እርስዋ ከሄደች በኋላም ዶሮ መጥፋቱ አልቀረም። በመጨረሻ ቤቱን የሚያድስ አናጢ መጥቶ ቢያይ፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ክፍተት ላይ የአውሬ ጠጉር ተሰክቶ፣ ከሥሩም ላባ ወድቆ አገኘ። ሌባው ሸለምጥማጥ ነበር። ልጅቷ ግን ወደ አገሯ ተመልሳ ነበርና ይቅርታ የሚጠይቃት ሰው ሳይገኝ ቀረ። ዶሮ ይተካል፤ የሰው ስም ግን በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ መጀመሪያ ማን እንደ በላ ማወቅ፣ ከዚያ መፍረድ ያስፈልጋል።

ለማወቅ ደግሞ አውሬው ራሱ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ሰዓቱን፣ ሬሳውንና ቀዳዳውን ማየት ነው።

በቀን፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለች ጫጩት ድንገት ከጠፋችና አንዳች ምልክት ካልተገኘ፣ የወሰዳት ጭልፊት ወይም ቁራ ነው። ጭልፊት ከላይ ተወርውራ በጥፍሯ ነጥቃ ትሄዳለች እንጂ እዚያው ተቀምጣ አትበላም። ከፍ ያለ ሌላ የአሞራ ዓይነት ትልቋን ዶሮ ገድሎ እንደሆነ ግን ላባዋ በአንድ ቦታ ተነጭቶ ተከምሮ ይገኛል።

እንቁላል ከጠፋ ወይም ቅርፊቱ ተሰብሮ ከተገኘ፣ አይጥን፣ እባብን ወይም ፋሮን መጠርጠር ነው። ፋሮ እግሩ አጭር፣ አፉ ሹል የሆነ የቀን አውሬ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት እንቁላሉን በድንጋይ ላይ ወርውሮ ይሰብረዋል። አይጥ በበኩሏ እንቁላል ብቻ ሳይሆን ትናንሽ ጫጩቶችን ጭምር እየጎተተች ወደ ጉድጓዷ ታስገባለች።

በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮ ሞቶ፣ አንገታቸው ላይ የጥርስ ምልክት ታይቶ፣ የተበላው ግን ጥቂት ከሆነ፣ የሸለምጥማጥ ሥራ ነው። ሸለምጥማጥ ድመት የሚያክል፣ ሰውነቱ ረዥምና ቀጭን፣ ቆዳው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የተሰመረበት የሌሊት አውሬ ነው። ዛፍም ግድግዳም ይወጣል። ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ሰውነቱንም ያሳልፈዋል። ዶሮዎች በጨለማ ስለማያዩና የሚሸሹበትም ስለሌላቸው፣ አንዴ ከገባ የጠገበ ቢሆን እንኳ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይነክሳል።

ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ተዘነጣጥለውና ተበትነው ካልተበሉም፣ የውሻ ጨዋታ ነው። በሽቦው ሥር ምድሩ ተቆፍሮ ዶሮዋ እንዳለች ከተወሰደች ቀበሮ ወይም ውሻ ይሆናል። መቀርቀሪያው በሥርዓት ተከፍቶ፣ በሩም መልሶ ተዘግቶ ዶሮ የጎደለ እንደሆነ ደግሞ፣ ያ ባለ ሁለት እግር ሸለምጥማጥ ነውና መላው ቁልፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶሮዋ በፈንግል ሞታ ካደረች በኋላ ድመት አግኝታ የበላቻት እንደሆነስ? ድመቲቱ ባልሠራችው ወንጀል ትከሰሳለች፤ በሽታው ግን በቤቱ ውስጥ ሆኖ የቀሩትን ይጨርሳል። ስለዚህ ዶሮዎቹ ከመጥፋታቸው በፊት አኩርፈው፣ አረንጓዴ አስቀምጠው፣ አንገታቸው ተጠማዝዞ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። እንዲህ ከሆነ የሚጠራው አናጢ ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም ነው። የፈንግል ክትባት አለ፤ አስቀድሞ ማስከተብ ነው። የሞተውን ዶሮ ወደ ወንዝ ከመጣል በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይሻላል፤ ቀብር መቼም ለእኛ እድርተኞች አዲስ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ጉጉት ልምጣ። በአገራችን ጉጉት መልካም ስም የላትም። በጣሪያ ላይ ከጮኸች «ሟርተኛ፣ ሰው ልትገድል ነው» ተብላ በድንጋይ ትባረራለች። እኛ የሞትን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ በቅርብ የምናውቅ ሰዎች ነን። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ እዚህ ተቀምጠዋል፤ እስኪ ይጠየቁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጉጉት ቀድማ ነግራቸው ያውቅ እንደሆነ! ጉጉት የምትጮኸው ጎረቤቷ የሆነችውን ሌላ ጉጉት ለማስጠንቀቅ ወይም ጓደኛዋን ለመጥራት ነው።

ዶሮ ትበላለች ወይ? የተባለ እንደሆነ መልሱ እንደ ዓይነቷ ነው። ፊቷ ነጭና ልብ የመሰለ፣ በአሮጌ ሕንፃና በጣሪያ ሥር የምትኖረው ጉጉት ክብደቷ ከግማሽ ኪሎ አያልፍም፤ የእኛ ዶሮ ግን ከአንድ ኪሎ በላይ ናት። ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ወፍ አንድ ኪሎ ተኩል ተሸክማ ልትበር አትችልም። የእርስዋ ዋና ቀለብ አይጥ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሦስትና አራት አይጥ ትበላለች። ማስረጃም አለ። ጉጉት አይጧን እንዳለች ውጣ፣ ያልፈጨችውን አጥንትና ጠጉር አድቦልቡላ መልሳ ትተፋዋለች። ከምታርፍበት ዛፍ ሥር ያን ድቡልቡል አንስቶ በእንጨት የፈለቀቀ ሰው የአይጥ ጥርስና የራስ ቅል ቆጥሮ ያገኛል።

በሌላ በኩል፣ በራሷ ላይ ጆሮ የመሰለ ላባ የቆመላት ትልቋ ጉጉት አለች። ይህችኛዋ በእውነት በዛፍ ላይ ያደረችን ዶሮ ልትገድል ትችላለች። ላባዋ ለስላሳ፣ ጫፉም እንደ ዘርፍ የሳሳ ስለ ሆነ ስትበር ድምፅ አይሰማም። ብዙ ጊዜም ራሷንና አንገቷን በልታ ሌላውን ትታው ትሄዳለች። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፤ ይህች ጉጉት የዶሮ ቤት በር አትከፍትም፤ ሽቦ አትቀድድም፤ መሬት አትቆፍርም። የምታገኘው ውጭ ያደረችውን ዶሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ዶሮ በጉጉት ተበላች ማለት፣ በሌላ አነጋገር፣ ዶሮ ውጭ አደረች ማለት ነው።

ደግሞስ ጉጉቷን ወደ ግቢያችን ማን ጠራት? ማታ ለዶሮ የበተንነው ጥራጥሬ ሳይነሳ ያድራል። ጥራጥሬው አይጥ ይጠራል። አይጧ ጉጉትን ትጠራለች፤ ሸለምጥማጥንም ትጠራለች፤ እባብንም ትጠራለች። ማታ ማታ የተረፈውን ጥርግ አድርጎ አንስቶ፣ ቀለቡን ክዳን ባለው ጣሳ ማስቀመጥ የጥበቃ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

አንዳንዶቻችን ይህን ትተን በሥጋ ውስጥ መርዝ አድርገን በአጥር ሥር እናኖራለን። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሏል ይህ ነው። መርዝ የማንን አፍ እንደሚመታ አይመርጥም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፤ የሚድህ ሕፃን ይነካዋል። የአይጥ መርዝ የበላች አይጥም ወዲያው ስለማትሞት፣ እየተንገዳገደች ስትሄድ ጉጉቷ ወይም ድመቷ ታገኛታለች፤ መርዙም ወደ እርስዋ ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ አይጡን የሚቀንስልን ፍጥረት ጠፍቶ አይጡ በእጥፍ ይበዛል። በመርዝ ምክንያት የተጣሉ ጎረቤታሞች በለቅሶ ቀን እንኳ ጎን ለጎን ለመቀመጥ ሲቸገሩ ታይተዋል። በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ወጥቶ ነበር።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? መፍትሔው አውሬውን ማሳደድ ሳይሆን ቤቱን ማጥበቅ ነው። እንዴት እንደ ሆነ በዝርዝር ላስረዳ።

አንደኛ፣ ስፋቱ። ለማደሪያ ብቻ ከሆነ ለ10 ዶሮ 2 ሜትር በ1 ሜትር ቤት ይበቃል። ወለሉ ከመሬት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ቢል አይጥና እርጥበት አይደርስበትም፤ ኩሱም ከሥር ይጠረጋል። ቆጡ ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሣንቲ ሜትር ያህል ይሰጣት። ቆጡን ከግድግዳው ማራቅ ያስፈልጋል፤ በሽቦው አጠገብ ያደረች ዶሮን አውሬው ከውጭ ሆኖ ራሷን ስቦ ይቆርጣታልና።

ሁለተኛ፣ ሽቦው። በገበያ የዶሮ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠው ሰፊ ዓይን ያለው ቀጭን ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይይዛታል እንጂ አውሬውን እንዳይገባ አይመልሰውም። ውሻ በጥርሱ ይቀድደዋል፤ አይጥ በዓይኑ ታልፋለች። ለማደሪያው ወፈር ያለ፣ ዓይኑ አውራ ጣት የማያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ነው የሚያስፈልገው። አየር እንዲገባ ከላይ በኩል መስኮት ይተው፤ መስኮቱም በዚሁ ሽቦ ይሸፈን። ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን ተብሎ ቤቱ እንደ ጆንያ ቢታፈን፣ ዶሮዎቹ ከአውሬ ድነው በኩሳቸው ትነት ይታመማሉ።

ሦስተኛ፣ ከሥር። ቤቱ መሬት ላይ ያረፈ ከሆነ ዙሪያውን 30 ሣንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ሽቦውን መቅበር ነው። መቆፈር የማይቻል ከሆነ ሽቦውን ወደ ውጭ በምድር ላይ አንጥፎ ድንጋይ መጫን ይቻላል። የሚቆፍር አውሬ ከግድግዳው ሥር ይጀምራልና ሽቦው ላይ ሲደርስ ይታክታል።

አራተኛ፣ ከላይ። ግድግዳና ቆርቆሮ የሚገናኙበት ክፍተት ዋናው የሸለምጥማጥ በር ነው። ቀን በሩን ዘግታችሁ ውስጥ ግቡና ቁሙ። ብርሃን የገባበት ሁሉ ይታያችኋል። ከእንቁላል የሰፋው ብርሃን ሁሉ በጣውላ፣ በቆርቆሮ ቁራጭ ወይም በሽቦ ይደፈን። ይህ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም።

አምስተኛ፣ በሩ። በገመድ የታሰረ በር አልተዘጋም። መቀርቀሪያ ይግባለት፤ የሰው ሌባ የሚያሰጋ ከሆነም ቁልፍ ይጨመርበት።

ለቀኑ ደግሞ ሌላ መላ አለ። ጫጩቶች እስከ ሁለት ወር ድረስ ከእናታቸው ጋር በሽቦ በተሸፈነ ቦታ ቢውሉ መልካም ነው፤ አቅም ያነሰው ሰው አሮጌ የሽቦ አልጋ በአራት ድንጋይ ላይ አኑሮ ዙሪያውን ቢከልል ይበቃዋል። ለትልልቆቹ የጌሾ ቁጥቋጦ ወይም ዝቅ ያለ ዳስ ይኑር፤ ጭልፊት ስታንዣብብ ሮጠው የሚገቡበት ነው። ጥሩ አውራ ዶሮም ዘበኛ ነው። አድምጡት፤ ከሰማይ ለመጣ ጠላት የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነው፤ በምድር ለመጣው የሚያሰማው ሌላ ነው፤ ዶሮዎቹም ለይተው ያውቁታል፤ ለመጀመሪያው ይደበቃሉ፤ ለሁለተኛው አንገታቸውን አቅንተው ይመለከታሉ። የሚያብረቀርቅ ነገር መስቀልና ማስፈራሪያ መትከል ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ግን ይለመዳል፤ በየጊዜው ቦታውን ካልቀየሩት አሞራው መጥቶ ያርፍበታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ነው። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ዶሮ ደግሞ ሳትጠራ ወደ ቆጧ የምትገባ ፍጥረት ናት። ለሰው የቀረለት ሥራ ቆጥሮ መዝጋት ብቻ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መጠባበቅ፣ የመጨረሻዋ ስትገባ መቁጠር፣ አንዷ ከጎደለች ብርሃን ሳለ መፈለግ፣ ከዚያም መቀርቀር። በብዙ ብር የተሠራ የዶሮ ቤት አንድ ማታ በሩ ተረስቶ ካደረ ከቅርጫት አይሻልም። ሌሊት የዶሮ ጩኸት ሰምቶ ዱላ ይዞ መውጣትማ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

አሁን ንግግሬን ወደዚህ ጉባኤ ወዳመጣኝ ጉዳይ እመልሳለሁ። የዶሮው ቤት በር የሚረሳው መቼ ነው? ሰው ሲታመም፣ ሰው ወደ ሩቅ ሲሄድ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በለቅሶ ቀን ነው። ለቅሶ የገባበት ቤት ውስጥ ማን ዶሮ ያስታውሳል? ግቢው በሰው ይሞላል፤ ዶሮዎቹ በግርግሩ ይበረግጋሉ፤ ከድንኳኑ ርቀው በዛፍ ላይና በአጥር ላይ ያድራሉ። የንፍሮው ፍርፋሪ በየቦታው ይወድቃል፤ አይጡም ይሰበሰባል። ሦስተኛው ቀን አልፎ ሰው ሲበተን፣ ባሏን የቀበረችው እናት ወደ ጓሮ ብቅ ስትል ባዶ ቆጥ ይቆያታል። እኛ ድንኳን ተክለን፣ ወንበር ደርድረን፣ ገንዘብ ቆጥረን ሰጥተናት፣ የነገ ኑሮዋን ግን ዓይናችን እያየ አስበልተንባታል ማለት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ለቅሶ በደረሰበት ቤት ሁሉ ከቅርብ ጎረቤት አንድ ሰው ተመድቦ፣ በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ የዶሮውን ቤት ቆጥሮ እንዲዘጋ፣ ጠዋት ከፍቶ ውኃና ቀለብ እንዲሰጥ ነው። ድንኳን የሚተክል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ እንደሚመደበው ሁሉ፣ ይህም በተራ አስጠሪው ደብተር ይጻፍ። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለተኛው፣ ወንፊት ሽቦ በጥቅል ሲገዛ በሜትር ከሚገዛው ስለሚረክስ፣ ፈላጊዎች በፈቃዳቸው ገንዘብ አዋጥተው በአንድነት እንዲገዙና እንዲካፈሉ ነው። የእድሩ ሣጥን አይነካም። አናጢነት የሚያውቁ አባሎቻችንና ወጣቶቻችን ደግሞ በአንድ እሑድ ወጥተው አቅም የሌላቸውን አረጋውያን የዶሮ ቤት ቢያጠብቁላቸው፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው በሥራ ይታያል።

ሦስተኛው፣ ዶሮ የጠፋበት ሰው ጎረቤቱን ወይም ሠራተኛውን ከመክሰሱ በፊት፣ ሁለት አባላት መጥተው ቤቱንና ምልክቱን ከእርሱ ጋር እንዲያዩ ነው። መርዝም ማንም በአጥሩ ሥር እንዳያኖር እንስማማ።

የተከበራችሁ አባላት፤ ሞትን ልናስቀር አልተሰበሰብንም፤ አንችልምም። የተሰበሰብነው ሞት የገባበት ቤት ከሐዘኑ በላይ ሌላ ጉዳት እንዳያገኘው ነው። ከእነዚህ ጉዳቶች አንዱ በአንዲት መቀርቀሪያ የሚመለስ ከሆነ፣ መቀርቀሪያዋን የሚገፋ እጅ ከመካከላችን አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። አሳቡን ለውይይት ትቼዋለሁ።